ጓደኛችሁ ጣቢያ ያደረ ዕለት፦ ሐዋሳ ላይ በተማሪ ኪስ የሕግ ድጋፍ ማግኛ መንገድ

ይህን የምታነቡት የተያዘው ልጅ ራሱ አይመስለኝም። እሱ ስልኩን አስረክቦ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ውስጥ ነው። እናንተ የዶርም ጓደኞቹ ናችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ብር የሳምንት ምሳ አይሸፍንም፣ የምታውቁት ጠበቃ የለም፣ ቤተሰቡ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። የምጽፈው ለእናንተ ነው።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ሐዋሳ ተምሬ ሐዋሳ የቀረሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 3ኛ ዓመት ሳለን የክፍላችን ልጅ ፒያሳ አካባቢ በተነሳ ጠብ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሁለት የዘመድ ልጆች ጉዳይ እጄ ላይ ወድቆ ጣቢያና ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ያለንን አዋጥተን «እኔ እጨርስላችኋለሁ» ላለን ሰው ሰጠነው። ጠበቃ አልነበረም፤ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ስልኩም አይነሳም። ያኔ ያንገበገበን ገንዘቡ ነበር። ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሰውየውን ተቀምጠን ስንጠብቅ ልጁ ያለ ማንም ምክር ቃሉን ሰጥቶ መፈረሙ ነው።

ከዚያ ጉዳይ የተማርኩት ይህን ነው፦ በአገራችን ነፃ ጠበቃ አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ጉዳይ የሚበላሸው ደግሞ ከክስ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ስለዚህ ያላችሁን ጥቂት ብር ለእነዚያ ቀናት አስቀምጡት፤ የቀረውን በነፃና በትዕግሥት መሙላት ይቻላል።

1. ጣቢያው በር ላይ

የት እንደተያዘ ካላወቃችሁ ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለበት ቦታ ቅርብ ከሆነው ጣቢያ ጀምሩ። የከተማዋ ክፍለ ከተሞች ብዙ ናቸው። መናኸሪያ አካባቢ የተያዘውን ልጅ ታቦር ስትፈልጉት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አሥር ተማሪ በር ላይ ሲሰበሰብ ልጁን አይጠቅመውም፤ በሩ ላይ ያለውን ፖሊስ ያስደነግጠዋል እንጂ።

መታወቂያችሁን፣ ምግብ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለም መድኃኒቱን ያዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት የተያዘ ሰው ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት አለው። ይህን አንቀጽ ግን እንደ ዱላ አታንሡት። «ሳጅን፣ እንደምን አመሹ። የእከሌ ጓደኞች ነን፤ እራት ይዘን ነው፤ ብናየውስ?» ማለት ብዙ በር ይከፍታል። አንቀጹን የምታነሡት በሩ እምቢ ካለ ነው።

ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ በምን ወንጀል እንደተጠረጠረ፣ መርማሪው ማን እንደሆነ፣ መቼና የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ። የተያዘበትንም ሰዓት አትርሱ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ምክንያታዊ የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ሰዓቱን የጻፈ ሰው ከሌለ ግን «48 ሰዓት አልፏል» የሚለው ክርክር እንዲሁ ይቀራል። ዓርብ ማታ የተያዘ ልጅ ካላችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ዕድሜው 18 ካልሞላ ወዲያው ተናገሩ፤ የልደት ሰርተፊኬት ወይም ዕድሜውን የሚያሳይ የትምህርት ማስረጃ አስመጡ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከአዋቂ እስረኛ ተለይቶ መያዝ አለበት፤ ዕድሜውም ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል።

2. ለእሱ ሹክ የምትሉት

የምታገኙት አምስት ደቂቃ ቢሆን እንኳ በዚያ አምስት ደቂቃ «ምን ሆነ?» ብላችሁ ታሪኩን አታስወሩት። ጎን የቆመ ሰው ይሰማል። እሱም ደንግጦ ያልሆነውን ይጨምራል። ይልቅ ይህን ንገሩት፦ መርማሪው ሲጠይቅህ ስምህንና አድራሻህን በትክክል ስጥ፤ ስለ ጉዳዩ ግን «ከጠበቃ ጋር ተማክሬ ቃሌን እሰጣለሁ» በል። ዝም የማለት መብት እዚያው አንቀጽ 19 ውስጥ አለ። የሚናገረው ነገር ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም አንቀጹ ይናገራል። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ጠባይ ይፈትነናል። «ልጄ፣ እውነቱን ተናገርና ቶሎ ትወጣለህ» ሲባል በአክብሮት ያደገ ልጅ ዝም ማለት ነውር ይመስለዋል። ዝም ማለት ግን መሳደብ አይደለም፤ በትሕትና ዝም ማለት ይቻላል። የክፍላችን ልጅ ቃሉ ላይ «ገፈተርኩት» ያለው «መታሁት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሳያነብ ፈረመ። በኋላ ችሎት ላይ «እንዲህ አላልኩም» ቢልም ፊርማው የራሱ ነው።

ስለዚህ፦ ሳያነብ አይፈርም። የተጻፈበትን ቋንቋ የማያነብ ከሆነ በሚገባው ቋንቋ እንዲነበብለት ይጠይቅ። ሐዋሳ ከ2012 ወዲህ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ ከተማው ውስጥ አማርኛ እንደልብ ቢሰማም ሲዳምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ችሎት ላይ ቋንቋው ካልገባው አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳስበው አንገት እየነቀነቁ ያልገባን ነገር «እሺ» ማለት ነው።

እናንተ ውጭ ያላችሁት ደግሞ ስለ ነገሩ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ መጻፍ አቁሙ። ማን መታ፣ ማን ጀመረ እያላችሁ የጻፋችሁት ሁሉ ነገ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ከሳሹ ጋ ሄዳችሁ «ክሱን አንሳ» እያላችሁ እንዳትጫኑት። ምስክር ያባብላል ወይም ያስፈራራል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ዋስትና ሊከለከል ይችላል፤ ያስፈራራችሁት እናንተ ብትሆኑም ጦሱ ለእሱ ነው።

3. «ቀላል» ነው? አንቀጹን ጠይቁ

ተማሪ ቀላል የሚለውና ሕጉ ቀላል የሚለው ሁልጊዜ አይገጥምም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቅጣትን ቀላል እስራትና ጽኑ እስራት ብሎ ይከፍላል፤ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። መርማሪውን ወይም መዝገቡን «በስንተኛው አንቀጽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠበቃም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው፤ መልሱን ይዛችሁ ከሄዳችሁ የምክር ጊዜያችሁ አይባክንም።

ተማሪ በብዛት የሚገባባቸውን ላንሣ። ስድብ አንቀጽ 615 ነው። ጉዳት ያላደረሰ መመታታት የእጅ እልፊት ይባላል፣ አንቀጽ 560። ቀላል የአካል ጉዳት አንቀጽ 556 ሲሆን ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ግን ድንጋይ፣ ጠርሙስ ወይም ጉዳት ማድረስ የሚችል ሌላ መሣሪያ ካለበት ያው አንቀጽ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ይወጣል። እንግዲህ «ጠርሙስ ይዞ ነበር» የምትለዋ አንዲት ቃል የልጁን ዓመታት ትለውጣለች ማለት ነው። ከላይ ዝም በል ያልኩት ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ስርቆት ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። «ቻርጀር ነው፣ ስልክ ነው» ይባላል፤ አንቀጽ 665 ግን እንደ ሁኔታው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። መንገድ ላይ በግማሽ ዋጋ ስልክ የገዛ ልጅም፣ ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ፣ ሌባ ሳይሆን በመሸሸግ ሊጠየቅ ይችላል። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ርካሽ ስልክ መጨረሻው ውድ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ስድብ ወይም ዛቻ ከሆነ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊነሣ ይችላልና ለጠበቃው የጽሑፉን ፎቶ አሳዩት። ስትነግሩት ቃሉን እንዳታለሳልሱ፤ የተጻፈውን እንዳለ ይየው።

ሌላው መለያ፦ አንዳንዶቹ ወንጀሎች የሚያስከስሱት ተበዳዩ የግል አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ስድብ፣ የእጅ እልፊት፣ በመሣሪያ ያልታገዘ ቀላል የአካል ጉዳት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አቤቱታው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በእነዚህ ላይ ሽምግልና ሥራ አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

4. ማን ጋ ይኬዳል

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለአቅመ ደካሞች የሚሠራ የነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አለው። የመጀመሪያ መንገዳችሁ ወደዚያ ይሁን፤ የሌላ ኮሌጅ ተማሪ ብትሆኑም። የሚያገኟችሁ መምህራንና በመጨረሻ ዓመታት ላይ ያሉ የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ምክር ይሰጣሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የት መሄድ እንዳለባችሁ ይጠቁማሉ። «ችሎት ትቆሙልናላችሁ?» የሚለውን በግልጽ ጠይቁ፤ ምክርና ጥብቅና ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የእንዲህ ያሉ ማዕከላት ቅድሚያ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና መክፈል ለማይችሉ ነው። ተማሪ የሚገባው በመጨረሻው፣ መክፈል በማይችሉት በር ነው፤ ስለዚህ አለመቻላችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ።

አንድ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ጠቡ ተማሪ ከተማሪ ከሆነ ሌላኛው ወገን ቀድሟችሁ እዚያው ማዕከል ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ወገን መያዝ አይችሉም። ስለዚህ ታሪኩን ከመዘርዘራችሁ በፊት የተጣሉትን የሁለቱን ስም ብቻ ተናገሩና «ቀድሞ የመጣ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሳሹ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሆነም ይህንኑ አድርጉ። ክረምት ላይ ወይም ፈተና ሰሞን ሰው ሊሳሳ ስለሚችል በዚያ ብቻ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ተከላካይ ጠበቃ ሌላው መንገድ ነው። ደመወዙን መንግሥት ይከፍለዋል፤ ተከሳሹ አይከፍልም። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ አንቀጹ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም አቅም ማጣቱን፣ ጠበቃ ባይኖረው ደግሞ ፍትሕ የሚጓደል መሆኑን። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ብቻ ተናግሮ ይቀመጣል። ከባድ ወንጀል የተከሰሱት ስለሚበዙ ቀላል ክስ ያለበት ልጅ በሁለተኛው ላይ መከራከር አለበት። ችሎት ላይ እንዲህ ይበል፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ገቢ የሌለኝ መደበኛ ተማሪ ነኝ። የዐቃቤ ሕግን ምስክሮች በራሴ መጠየቅ አልችልም፣ እስር ላይ ስለሆንኩም መከላከያዬን ማሰባሰብ አልቻልኩም። ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ።» ቋንቋው የማይገባው ከሆነ እሱንም ይጨምር። ከጎኑ ሁለት ወረቀት ቢኖር ይጠነክራል፤ አንዱ ከሬጅስትራር የሚወጣ የተማሪነት ማረጋገጫ፣ ሌላው ቤተሰቡ ካለበት ቀበሌ የመክፈል አቅም እንደሌላቸው የሚገልጽ ደብዳቤ። የቀበሌው ደብዳቤ ቀን ይፈልጋል። ዛሬውኑ ወደ ቤት ደውላችሁ አስጀምሩት። ደዋዩ ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ይሁን፤ ለእናት ወሬው በ«ልጅሽ ታስሯል» መጀመር የለበትም፤ «እማማ፣ ደኅና ነው፣ በልቷል፣ አይተነዋል» ይቀድማል።

የግል ጠበቃ ውድ ነው ብላችሁ አትሽሹ። ሙሉ ጉዳዩን ማስያዝ ነው ውዱ። ተማሪ መግዛት ያለበት የአንድ ሰዓት ምክር ነው፣ ቢቻል ልጁ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት፤ ካልሆነም ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት። ፍርድ ቤቶች አካባቢ ያሉ ቢሮዎች ገብታችሁ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። እንዲህ ብላችሁ፦ «ጋሼ፣ ተማሪዎች ነን። ሙሉ ጉዳዩን ለማስያዝ አቅም የለንም። ለምክር ብቻ ስንት ነው? ለዋስትናው ቀን ብቻ ቢቆሙልንስ?» ዋጋው በየደረጃው እንዲነገራችሁ አድርጉ፤ ምክር ለብቻ፣ ዋስትና ለብቻ፣ ክርክሩ ለብቻ። አንዳንዱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ በነፃ ይመክራል። በነፃ ማገልገል ለሙያው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለፌደራል ፍርድ ቤት ጠበቆች በ1992 የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ስትጠይቁ አንገታችሁን አትድፉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፤ የታደሰ መሆኑንና ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት የሚያሠራ መሆኑን። የፌደራል ፈቃድና የክልል ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚቀበል ይጻፍበት፣ ደረሰኝ ውሰዱ። ደህና ጠበቃ በዚህ አይቀየምም። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ወይም «ለእነ እከሌ ሻይ ያስፈልጋል» ያለ ሰው ጋ ግን አንድ ደቂቃ አትቆዩ። ጉዳይ ገዳይ የሚባለው እሱ ነው፤ ጠበቃም ቢሆን ያው ነው። ጉቦ የሰጠ ተማሪ ደግሞ በቀላል ክስ ገብቶ በከባድ ክስ ይወጣል።

የተያዘችው ሴት ከሆነች ወይም ነገሩ ከጥቃት ጋር ከተያያዘ፣ ለምሳሌ ራሷን ስትከላከል የመታች ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሐዋሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። ኮሚሽኑ ጠበቃ ሆኖ አይከራከርላችሁም፤ ልጁ ከተደበደበ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀናት ካለፉ ወይም ሰው እንዳያየው ከተከለከለ አቤቱታ የምታቀርቡት ግን እዚያ ነው። የጻፋችሁት ሰዓት አሁን ይፈለጋል።

5. ዋስትና

ገንዘብ የሚፈልገው ይህ ነው። በቀላል ጉዳይ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል፤ መርማሪውን ጠይቁ፣ የማይጠይቅ ሰው አይሰጠውም። ፍርድ ቤት ከቀረበ ፖሊስ «ምርመራ አልጨረስኩም» ብሎ ልጁን አስሮ ለማቆየት የጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ዳኛውም ከዚያ አሳጥሮ ሊፈቅድ ይችላል። ልጁ ዝም ብሎ መቆም የለበትም። ፖሊስ በእነዚያ ቀናት ምን ሊሠራ እንደሆነ እንዲያስረዳ መጠየቅና ዋስትና መለመን ይችላል።

ዋስትና የሚከለከለው በአብዛኛው ተከሳሹ ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክርና ማስረጃ ያበላሻል ተብሎ ሲታሰብ ነው። የተማሪ ደካማ ጎን የመጀመሪያው ነው፤ ቋሚ አድራሻ የለውም፣ ሰፈሩ ሩቅ ነው። መልሱ ያው የሬጅስትራሩ ደብዳቤ ነው። ከዓመቱ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ፈተና የሚጠብቀው፣ ዶርሙ የታወቀ ልጅ የት ይጠፋል? ይህን በቃልም በወረቀትም አቅርቡ። ከተከለከለ ይግባኝ ይባልበታል። ለዚያ አንድ ቀን ጠበቃ ብትከፍሉ ብራችሁ ያለ ቦታው አልዋለም።

ከተፈቀደ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ሰው ዋስ ይሆናል፤ ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ ወይም ሰው የመኪና ሊብሬ አስይዞ። ሐዋሳ ላይ አንድ የሥጋ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ፈልጉ፤ አቶቴ የሚኖር አጎት፣ ሪፈራል ሆስፒታል የምትሠራ የአክስት ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሽማግሌ። ከመለመናችሁ በፊት ግን ምን እንደሚያስይዝ አስረዱት። ልጁ ቀጠሮ ቢቀር ዋሱ ይከፍላል። ይህን ሳያውቅ የፈረመ ዋስ ሁለተኛ ተማሪ አያድንም።

6. ሽማግሌ መላክ

በግል አቤቱታ ለሚቀጡ ነገሮች ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ተበዳዩ አቤቱታውን ካነሣ ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል። የሲዳማ ባህል ለዚህ የተመቸ ነው። «አፊኒ» የሚባል የመመካከር ሥርዓት አለ፤ ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። የተጣሉት ይደማመጣሉ፣ ሽማግሌ ይዳኛል። ተበዳዩ የአካባቢው ልጅ ከሆነ እናንተ ካምፓስ ውስጥ የምታዘጋጁት ይቅርታ ሳይሆን እሱ የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ናቸው ነገሩን የሚያበርዱት።

ጥንቃቄው፦ ሽማግሌ የሚላከው ያቺን የአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር ካገኛችሁ በኋላ ነው። ጠበቃው አንቀጹ የሚታረቁበት መሆኑን ይነግራችኋል፤ ስርቆት ከሆነ ዕርቁ ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ክስ አያስቀርም። ለሕክምና ካሳ የምትከፍሉ ከሆነ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት ይሁን። ወረቀቱ ላይ «በመካከላችን የነበረውን አለመግባባት በስምምነት ጨርሰናል» ይበቃል። «ወንጀሉን መፈጸሜን አምኜ» የሚል ሐረግ ሰው ካስገባ አትፈርሙ። ስምምነቱም ኪስ ውስጥ ቢቀር ዋጋ የለውም፤ ተበዳዩ ራሱ ጣቢያ ወይም ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዶ መናገር አለበት። ለትራንስፖርቱ ባጃጅ ክፈሉለት።

7. ግቢ ውስጥ ያለው ሌላው መዝገብ

የዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ጉዳይ ከፍርድ ቤቱ የተለየ ነው፤ አንዱ ነፃ ቢያወጣ ሌላው ሊቀጣ ይችላል። ልጁ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ጽፎ የሚሰጠው ነገር ለፍርድ ቤቱም ሊተርፍ ስለሚችል ማብራሪያውን የሕግ ሰው ሳያየው አያስገባ። በሌላ በኩል ከትምህርት መቅረቱን ዝም ብላችሁ አትተዉት። የዲፓርትመንት ኃላፊውን ወይም የተማሪዎች ዲን ቢሮን በጊዜ አናግሩ፤ ፈተና ካለፈው ሜክአፕ፣ ከረዘመም ዊዝድሮዋል መሙላት ይሻላል። ሳይሞላ ጠፍቶ ኤፍ የተሰለፈበት ልጅ አውቃለሁ። ከፍርድ ቤቱ በነፃ ተለቀቀ፤ ከግቢው ግን በውጤቱ ተባረረ።

8. ችሎት

ንጹሕ ልብስ፣ ስልክ ዝግ፣ ከሰዓቱ ቀድሞ መገኘት። የመዝገብ ቁጥሩን በልባችሁ ያዙት፤ በስም ከመፈለግ ቁጥሩ ይፈጥናል። ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ያንን ወረቀት ነፃ ማዕከሉ ጋ ወስዳችሁ አስነብቡ።

ከዚያ የእምነት ክህደት ቃል የሚባለው ይመጣል። ዳኛው ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ተማሪ «ልመን፣ ቀጡኝና ልውጣ፣ ፈተና አለብኝ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማመን ቅጣት ሊያቀልል ይችላል፤ መቀጮ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ግን የጥፋተኝነት ፍርድ ይመዘገባል። ነገ ሥራ ሲፈልግ «የጣት አሻራ አምጣ» ሲባል የሚወጣው ይህ ነው። ከማመኑ በፊት ሌላ የአንድ ሰዓት ምክር ይግዛ። ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ቅጣቱ በገደብ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል። በወንጀል ሕጉ ገደቡ የሚቆይበት ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ጥፋት ካልፈጸመ እስሩን አይታሰርም። የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን፣ ተማሪነቱን፣ ዕርቁን፣ የከፈለውን ካሳ በማቅለያነት ያቅርብ። ዳኛው አይጠይቁትም ይሆናል፤ እሱ ራሱ ይናገር።

9. ብራችሁን መልሱ

ጉዳዩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ይወጣል፤ የዋስትናው ገንዘብ እዚያው ይቀራል። «ያስያዝኩት ዋስትና ይውረድልኝ» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ትእዛዙ ሲጻፍ ግልባጩንና የመጀመሪያውን ደረሰኝ ይዛችሁ የፍርድ ቤቱ ፋይናንስ ጋ ትሄዳላችሁ። የሚከፈለው ደረሰኙ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው።

እኛ ለዋስትናው 11 ተማሪ ሆነን ስናዋጣ ማን ስንት እንደሰጠ ደብተር ላይ ጽፈን ነበር። ደረሰኙን ያስቆረጥነው ግን ያን ቀን ነፃ በነበረው፣ ተመራቂ በሆነው ልጅ ስም ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ እሱ ጅማ ሥራ ይዞ ነበር። ለብሩ ሲል ውክልና አስጽፎ እስኪልክልን ድረስ ሦስት ወር ጠበቅን። ደረሰኙን በ2ኛ ዓመት ልጅ ስም አስቆርጡ።